እናትም እንግዳ የምትሆንበት ቀን፦ የሐይቅ ዳር ገበታ ከአትላስ እስከ ሐዋሳ

በብዙዎቻችን ቤት የቤተሰብ ጉዞ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታሰበው ስንቅ ነው። ስንቁን የምታሰናዳው ደግሞ እናት ናት። አባት መኪናውን ያስፈትሻል፤ ልጆች በመስኮት በኩል ማን እንደሚቀመጥ ይጨቃጨቃሉ። እናት ግን ዶሮ ስትገነጥል፣ ዳቦ ስትደፋ፣ ቴርሞስ ስትሞላ ታድርና እንቅልፍ ሳያሸልባት ጉዞው ይጀመራል። ከደረሱም በኋላ ምንጣፍ አንጣፊዋ፣ ምግብ አቅራቢዋ፣ ሰሃን ሰብሳቢዋ እርሷው ናት። እንዲህ ዓይነቷ እናት ከቤቷ ወጣች እንጂ ከማድ ቤቷ ወጣች ለማለት ያስቸግራል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከዚህ የተለየች አልነበረችም። የሆነው ነገር ለሌሎች እናቶችና ለሠራተኛ እህቶች ይጠቅም እንደሆነ በማሰብ በዛሬው ዓምዳችን አቅርቤዋለሁ።

ቤታችን በቦሌ ክፍለ ከተማ አትላስ አካባቢ ነው። ሰፈሩ ስሙን ካገኘበት ከአትላስ ሆቴል ጀምሮ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም እስከሚያወጣው መንገድ ድረስ ምግብ ቤት ሞልቷል። የክትፎው፣ የፒዛው፣ የኬኩና የቡናው ቤት እርስ በርሱ ተደጋግፎ የቆመ ነው። ሆኖም ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ ከነዚህ ቤቶች ወደ አንዱም ገብታ አታውቅም። እንውጣ ስንላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ማድ ቤቴ እያለ ለምን የሰው እጅ አያለሁ?» ትላለች።

እኔና ባለቤቴ ሠራተኞች በመሆናችን ልጆቻችን ያደጉት በእርሷ እጅ ነው። ባለፈው ዓመት ያን እጅ ቁርጥማት ያዘው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ማማሰያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ሽሮ ስታማስል አገኘኋት። «ምነው እማዬ?» ብላት «ምንም አይደለም፣ በርዶኝ ነው» አለችኝ። ነገሩ ብርድ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የዚያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ «ይህች ሴት ተቀምጣ ሳትበላ ልታረጅብን ነው» አልሁት።

መሥሪያ ቤት የምጥለው እቁብ ደርሶኝ ነበርና ገንዘቡን ለመጋረጃ መለወጫ ከማዋል ይልቅ ለሁለት ቀን ጉዞ ለማድረግ ተስማማን። ወዴት እንደምንሄድ የመረጠችው እናቴ ናት። በዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት አምስት ደሴቶች በአንደኛዋ በቱሉ ጉዶ፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተወስዳ ተሸሽጋ ነበር የሚል ትውፊት አለ። «ደሴቲቱን በሩቁም ቢሆን ባየኋት» የሚለው የቆየ ምኞቷ ነበር።

ባሕር የሌላት አገራችን ሐይቅ አላጣችም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ተከትሎ የሚወርድ ነው። በቢሾፍቱ በእሳተ ገሞራ አፎች ውስጥ የተኙት እነ ሆራና ባቦጋያ አሉ። ቀጥሎ ቆቃ፣ ከዚያም ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ይመጣሉ፤ በመጨረሻም 275 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ሐዋሳ ይደረሳል። የሌላ አገር ሰው በባሕር ዳርቻ እየተዘዋወረ የየመንደሩን ምግብና የወይን ጠጅ እንደሚቀምስ ሁሉ፣ እኛም በሐይቆቻችን ዳር ይህን ማድረግ እንችላለን።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን። እናቴ ጾም የማታጓድል በመሆኗና ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ የተለያየ ስለሆነ ቀኑን ከጾም ውጭ አድርገን መረጥን። ስንቅ እንዳትይዝ ለምነናት ነበር፤ እርሷ ግን በነጠላዋ ሥር ዳቦ ቆሎ ይዛ ኖሯል። ለጊዜው እንዳላየ አለፍናት።

ከመነሳታችን በፊት ከባለቤቴ ጋር አንድ ክርክር ገጥሞን ነበር። «ዝዋይ ድረስ ሄደን የዝዋይን ወይን ሳንቀምስ ልንመለስ ነው?» አለኝ። እኔም «መሪውን የያዝኸው አንተ ነህ፤ ከኋላህም ሦስት ልጅና አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል» አልሁት። ጥቂት አኮረፈ። ቆይቶ ግን «እንግዲያው ጠርሙሱ ይግዛና ቤት ይከፈት» ብሎ ነገሩን ራሱ ጨረሰው።

የፍጥነት መንገዱን ትተን በአሮጌው መንገድ ሄድን። በአዲሱ መንገድ ቶሎ በደረስን ነበር። ነገር ግን በአጥር መካከል የሚሄድ መንገድ ገበያ አያሳይም። በአሮጌው መንገድ ላይ ግን ቆቃ አጠገብ ልጆች ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው ይቆማሉ፤ ወደ መቂ ሲቃረቡም ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በመንገድ ዳር ተቆልሎ ይታያል። ቆቃ የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ እ.ኤ.አ. በ1960 ኤሌክትሪክ ማመንጨት ሲጀምር የተፈጠረ የውሃ ክምችት ነው። ይህን ለታላቋ ልጃችን ብነግራት «ታዲያ ዓሣው ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከአዋሽ ወንዝ መሆኑን ስነግራት ግድብ ማለት ውሃ ማቆም ብቻ አለመሆኑ ገባት።

እናቴ ከመኪናው ሳትወርድ በመስኮት በኩል አንዱን ዓሣ አስቀርባ ዓይኑን አየች። እኔም በዚሁ አጋጣሚ ለአንባብያን ልንገር። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ጥርት ያለና ጎላ ያለ፣ ስንጥቡ ሲገለጥ ደም የመሰለ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ነው። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ስንጥቡ የጠቆረ፣ ሽታው የሚከረፋ ከሆነ ግን ቢረክስም አይገዛም። በፀሐይ ላይ ሲንጠለጠል የዋለን ዓሣም መተው ይሻላል። እናቴም አይታ «ይህ ትናንት የወጣ ነው» አለችና መለሰችለት። ልጁም ሳቀና አልካዳትም።

ዛሬ ባቱ የምትባለው የዝዋይ ከተማ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚያ ስንደርስ ምሳ ሰዓት ሆኗል። ትልልቅ ሰሌዳ የሰቀሉትን ቤቶች እያለፍን የት እንደሚበላ አንድ የባጃጅ ሾፌር ጠየቅን። «ሾፌሮች የሚበሉበት ልውሰዳችሁ ወይስ እንግዳ የሚወሰድበት?» አለን። ሾፌሮች የሚበሉበትን መረጥን። በቆርቆሮ የተከደነች፣ አራት ጠረጴዛ ያላት፣ ስሟ በሰሌዳ ያልተጻፈ ቤት ናት። ዓሣው የሚጠበሰው ሰው ሁሉ እያየው በደጅ ነው።

ከመቀመጣችን እናቴ ብድግ ብላ ወደ ምጣዱ ሄደች። «ልጄ፣ ላግዝሽ፤ ብዙ ሰው አለብሽ» አለቻት ጠባሿን። ሴትዮዋ አርባ ዓመት የሚሆናት ናት። ማማሰያዋን አስቀመጠችና «እማማ፣ ዛሬ እንግዳ ነዎት፣ ይቀመጡልኝ። እኔ አዲስ አበባ ስመጣ እርስዎ ያበሉኛል» አለቻት። ክንዷንም ይዛ ወደ ወንበሯ መለሰቻት። ከዚያ ማስታጠቢያውን አምጥታ ከሁሉ አስቀድማ በእናቴ እጅ ላይ ውሃ አፈሰሰች።

እናቴ እጇን ዘርግታ ትንሽ ቆየች። በቤታችን ማስታጠቢያ ይዛ የምትቆመው ሁልጊዜ እርሷ ናት። በእኔ ዕድሜ በእርሷ እጅ ላይ ውሃ ሲፈስ ያየሁት በዚያን ቀን መሆኑን ሳስበው አፈርሁ። ጣቶቿ በቁርጥማት እንደተጣመሙ ያኔ ልጆቹም አዩ። ትንሹ ልጃችን ምንም ሳይናገር ፎጣውን አቀበላት።

የቀረበልን ዓሣ ቆሮሶ ነበር። አሠራሩ ምሥጢር የለውም፤ ጠባሿም በደስታ ነገረችን። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ በደንብ ይታጠባል። ከግራና ከቀኝ በቢላዋ እስከ አጥንቱ ይተለተላል፤ ይህም ዘይቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ደቃቁን አጥንት ጭምር እንዲያደርቅ ነው። ጨውና ሎሚ ይታሻል፤ ዱቄት በስሱ ይነሰነስበታል። ዘይቱ በደንብ ከጋለ በኋላ ዓሣው ይገባና አንዱ ጎን እስኪጠብስ ድረስ አይነካም። «የአዲስ አበባ ሰው ዓሣ የሚያበላሸው ገና ሳይደርስ እያገላበጠ ነው» አለች። ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል የተፈጨ ዳጣ፣ እንጀራና ሎሚ ተጨምሮበት ቀረበ። እናቴ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከቀመሰች በኋላ «እንግዲህ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሳገላብጠው ኖሬአለሁ» አለች። ያን ቀን ዳቦ ቆሎው ከነጠላው ሥር አልወጣም።

ጠባሿ ሥራዋን ከሐይቁ ለይታ እንደማታየው ከንግግሯ ተረዳን። ዱሮ አንድ ቆሮሶ ሰሃኑን ይሞላ እንደነበር፣ ዛሬ ግን እያነሰ መምጣቱን ነገረችን። ቆሮሶ በሚጠፋበት ጊዜ አምባዛ፣ ወይም ከውጭ መጥቶ በሐይቁ የተራባውን ካርፕ ትጠብሳለች። የዝዋይ ሐይቅ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ አነስተኛ ነው። የመቂና የካታር ወንዞች ይመግቡታል፤ እርሱ ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይፈሳል። በዙሪያው ያለው እርሻም ውሃውን ይጠቀምበታል። ስለሆነም እጅግ ትናንሽ ዓሣ ሲቀርብልን «አይ፣ ይደግ» ብሎ መመለስ የደንበኛም ድርሻ ነው። ያልወለደ ዓሣ ከተበላ ለልጆቻችን የሚተርፍ አይኖርም።

በአጠገባችን በነበረው ጠረጴዛ ሁለት ሴቶች ሻይ ይጠጡ ነበር። ባለቤቴ ስለ ወይን ጠጁ ሲጠይቅ አንደኛዋ ጆሮዋን ጣል አደረገች። በመከር ጊዜ ወይን ለቅማ እንደምታውቅ ነገረችን። «በሃይማኖቴ አልጠጣም፤ ፍሬውን ግን ጠጪው ሁሉ ተሰብስቦ አያውቀውም» ብላ አሳቀችን። ዘለላው የሚቆረጠው በመቀስ መሆኑን፣ በችኮላ የተያዘ ፍሬ እንደሚፈርጥ፣ መድረሱም በቀለሙ ብቻ ሳይሆን ዘሩን አኝኮ በማየት እንደሚታወቅ አስረዳችን። ዘሩ አረንጓዴና መራር ከሆነ አልደረሰም፤ ቡናማ ሆኖ በጥርስ ሲከካ ደርሷል ማለት ነው።

በዝዋይ የወይን ተክል የተስፋፋው በቅርብ ዘመን ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከቦርዶ አገር የመጡ ችግኞችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ገደማ ጀምሮ አስተከለ። ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ይህ ሥፍራ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ፣ አፈሩም አሸዋማ በመሆኑ ለወይን ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባም በተክሉ ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮለት ነበር። ሪፍት ቫሊና አኬሺያ የተባሉት የወይን ጠጆች ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከዚያ በፊት አገሩ የሚያውቀው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተቋቋመው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚያወጣቸውን ጉደርንና አክሱማይትን ነበር። እነዚህ ስሞች በአባቶቻችን የሠርግ ገበታ ላይ የቆዩ ናቸው።

ልጆቹ ወይን ጠጅ ከጠጅ በምን እንደሚለይ ጠየቁ። ይህን መመለስ የቻለችው እናቴ ናት። ጠጅ የማር ብርዝ ነው፤ በጌሾ ይጠነሰሳል። ወይን ጠጅ ግን ውሃም ማርም አይጨመርበትም። ፍሬው ተጨፍልቆ በራሱ ጭማቂ ውስጥ ያለው ስኳር በእርሾ አማካይነት ይፈላል። ቀዩ ቀለሙን የሚያገኘው ከቅርፊቱ ጋር ስለሚፈላ ነው፤ ለነጩ ደግሞ ጭማቂው ከቅርፊቱ ቀድሞ ይለያል። ለቃሚዋ ሴትና እናቴ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጨዋወቱ። አንዷ የማትጠጣ፣ ሌላዋ ጠጅ ጥላ የምታውቅ፣ ሁለቱም ግን ፍሬና ጥንስስ የገባቸው ናቸው።

የወይን ተክሉን መጎብኘት ለሚፈልግ ሰው ቀደም አድርጎ ስልክ ደውሎ ማስፈቀድ ይገባል። እኛ ይህን አላደረግንምና አልገባንም። አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ከከተማው ገዝተን በልብስ ጠቅልለን በዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀመጥን።

ከምሳ በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ይብራዎቹ በውሃው ላይ ተንሳፈዋል። አንድ ጀልባ ቀዛፊ በሩቅ የሚታየውን ሰማያዊ ጉብታ በጣቱ ለእናቴ አሳያት። ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች፤ አማተበች፤ ብዙም አልተናገረችም። ልጆቹ እግራቸውን ሊነክሩ ሲሉ ግን የከለከለቻቸው እርሷ ናት። ትክክልም ነበረች፤ በዝዋይ ውሃ የብልሃርዚያ በሽታ መኖሩ የታወቀ ስለሆነ ሕፃናት ሊገቡበት አይገባም።

ማታ ሐዋሳ አደርንና በማግስቱ በማለዳ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ሄድን። ጀልባዎቹ ሲመለሱ ዓሣው እዚያው ይራገፋል። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ተጎንብሰው የሚጣለውን ይጠብቃሉ። ቢላዋ የያዙት ሰዎች አንዱን ዓሣ በጥቂት ጊዜ ገፈውና ከፍለው ያስረክባሉ። ሾርባው በትልቅ ብረት ድስት ይፈላል። ጥሬውን በሎሚና በአዋዜ የሚበሉም ብዙ ናቸው። ልማዱ የአገሬው ነውና አንነቅፈውም፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች ግን የበሰለው ይሻላል። እኛ ሾርባውን ጠጣን። እናቴ ሁለተኛ ሳህን ያስጨመረችው ራሷ ጠርታ ነው። «ልጄ፣ ድገሚልኝ» ስትል ሰምቼ ከባለቤቴ ጋር ተያየን። ለራሷ ስትጠይቅ ሰምተናት አናውቅም ነበር።

ወደ አትላስ በሰላም ተመለስን። ጠርሙሱ የተከፈተው በሚቀጥለው እሑድ በቤታችን ነው፤ ያን ዕለት የሚነዳ ሰው አልነበረም። እናቴ በትንሽ ብርጭቆ ቀመሰችና «ጥሩ ነው፤ ጠጄን ግን አይበልጥም» ብላ ፈረደች። ዓሣውን የጠበሰው ባለቤቴ ነው። ሁለት ጊዜ ሊያገላብጠው ሲል ሁለት ጊዜ «ተው!» ተባለ። ማስታጠቢያውን የያዘው ትንሹ ልጃችን ነው። ከማንም ሳይታዘዝ ከአያቱ ጀመረ።

የእናቴ ቁርጥማት በዚህ ጉዞ አልዳነም። ሐኪም የሰጣትን መድኃኒት ዛሬም ትወስዳለች። በቤታችን ግን አንድ ነገር ተለውጧል። በወር አንድ እሑድ ማድ ቤቱ የእርሷም የእኔም አይደለም፤ የባለቤቴና የልጆቹ ነው። ሽሮው ሊያር፣ እንጀራው ከገበያ ሊመጣ ይችላል። እኛ ግን ተቀምጠን እንበላለን።

ይህን መንገድ ለመሞከር ለሚያስቡ ቤተሰቦች ጥቂት ምክር ልጨምር። አንደኛ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ከመሸም አትጓዙ። ሁለተኛ፣ የሚነዳ ሰው ወይንም ቢራም አይቅመስ፤ ጠርሙስ መንገድ አያመልጠውም። ነፍሰ ጡር እናትም የአልኮል መጠጥ ጨርሶ እንዳትቀምስ ሐኪሞች ይመክራሉ። ሦስተኛ፣ ምግብ ቤት ስትመርጡ ከሰሌዳው ይልቅ ምጣዱን ተመልከቱ፤ ትኩስ ነገር ቶሎ ቶሎ የሚወጣበት፣ የእጅ መታጠቢያ ያለበት፣ የአገሬው ሰው የሚበላበት ይሁን። መኪና የሌለው ቤተሰብም በሕዝብ ማመላለሻ እስከ ዝዋይ ሄዶ ምሳ በልቶ ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ስንቅ አታስቋጥሯት። እናትን ይዞ መሄድ ማለት ምግብ ሠሪዋን ይዞ መሄድ ማለት አይደለም። ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን ሌላ ሰው በእጇ ላይ ውሃ ያፍስስላት።